የጎተራው አጋፋሪ

በሬ ለሞተበት ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ደጁ ድረስ መጥቶ «እግዜር ይተካ» ይለዋል። ላም ለሞተችባትም፣ በቅሎው ገደል ለገባበትም ወጉ ያው ነው። እባብ ለሞተባት ሴት ምን እንደሚባል ግን ከመካነ ሰላም እስከ ዓባይ ቆላ ቢጠየቅ የሚያውቅ አይገኝም። ወይዘሮ አልታየች ያው ቃል እንዲባልላቸው ቆርጠው ተነሡ።

እባቡ ቡናማ፣ ከክንድ ከስንዝር የሚረዝም፣ መርዝ የሌለው ፍጥረት ነበር። ባለቤታቸው በሞቱ ዓመት፣ ገብስ ሲታጨድ፣ ከነዶ ጋር ወደ ግቢው ገባ። ሊገድሉት ድንጋይ አንሥተው ሳለ አይጥ ሲውጥ አዩትና ድንጋዩን መልሰው አስቀመጡ። በጎተራው ሥር፣ ጎተራው በቆመባቸው ድንጋዮች መካከል ባለች ቀዳዳ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረ። ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ የሚወስን እሱ ነውና ስሙን አጋፋሪ አሉት። ማለዳ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ «አጋፋሪ፣ ዛሬስ ማንን መለስህ?» እያሉ በአጠገቡ ያልፋሉ። በዚያ ጎተራ አይጥ ስለማይደርስ፣ ጎረቤቱ እባቡን እየፈራም ቢሆን የዘር ገብሱን እሳቸው ዘንድ ማኖር ለመደ።

ባለፈው ግንቦት ልጃቸው ታደለ ከሳዑዲ ተመለሰ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ታደለ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ጎተራው የማይጠጋ፣ ገመድ ሲያይ የሚዘል ሰው ነው። ጓሮ አንዲት አይጥ አየና ከከተማ መርዝ ገዝቶ፣ በቆሎ ላይ ለውሶ በተነ። አይጧ በቆሎውን በላች፤ አጋፋሪ አይጧን በላ። በማግሥቱ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ተገኘ። ወይዘሮ አልታየች አንሥተው ከወይራው ሥር ቀበሩት።

ፀሐይ ሳይበረታ ጎረቤታቸው ይርገዱ ከተፍ አለች።

«እታለም፣ እውነት ነው በነጠላ ገንዘሽ ቀበርሽው የሚሉት?»

«በጆንያ ነው። ነጠላዬን ለራሴ እፈልገዋለሁ።»

«ጉድ ነው! ታዲያ ሰልስቱ መቼ ነው? ንፍሮ ልቀቅል?»

«ንፍሮሽን ብይው። እኔ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ዳማው በሬሽ የሞተ ጊዜ ደጅሽ መጥቼ ምን አልሁሽ?»

«እግዜር ይተካ አልሽኝ።»

«በይ አንቺም በይኛ።»

ይርገዱ በእጇ አፏን ያዘች። «አፈር ስሆን! እሱን ብልሽ እኮ ሌላ እባብ ወደ ሰፈራችን ላክ ብዬ መለመኔ ነው! የልጅ ልጆቼ በዚሁ አጥር ሥር ነው የሚጫወቱ!»

«ዘርሽም በዚሁ አጥር ውስጥ ነው ያለ።»

ይርገዱ ቃሉን ሳትል ሄደች። በዚያው ቀን «አልታየች ለካ እባብ ታመልክ ነበር» የሚል ወሬ ከምንጭ እስከ ወፍጮ ቤት ተዳረሰ። ወይዘሮ አልታየች መጠራትን አልጠበቁም፤ በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ በገዛ እግራቸው ከነፍስ አባታቸው ከአባ ይሄነው ፊት ቆሙ።

«ቅቤ ቀብተሽዋል?» አሉ አባ ኮስተር ብለው።

«አልቀባሁም።»

«ወተት አፍስሰሽለታል?»

«ለእንግዳ ያልበቃ ወተት!»

«ደምስ?»

«የአይጥ ደም ራሱ ያፈስ ነበር፣ አባ።»

አባ ሣቃቸውን በመስቀላቸው ከለሉት። «እንግዲህ ሥራውን የሠራ ነው እንጂ ቆሌ አይደለም። ሆኖም እባብ እኮ ከሔዋን ጀምሮ…»

«የሔዋን እባብ ፍሬ አስበላ፤ የኔ ፍሬ ጠበቀ። ይበሉኝ እንግዲህ፣ እግዜር ይተካ።»

አባ መስቀሉን ከፊታቸው አወረዱ። «ካህን ሆኜ እባብ ይላክልሽ ብል አያምርብኝም። ቃሉን አስቀድሞ ሊልሽ የሚገባው ያጠፋብሽ ሰው ነው። ቤትሽ ግቢ።»

ቤታቸው ሲደርሱ ታደለ ሲሚንቶ አቡክቶ፣ የግንበኛ ማንኪያ ይዞ፣ ከጎተራው ፊት ቆሟል። ሌላ እባብ እንዳይገባ ቀዳዳውን ሊደፍን ነው። ወይዘሮ አልታየች ሄደው ቀዳዳዋን ከጀርባቸው አድርገው ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ኸላስ፣ በቃ! ተነሺልኝ። ድመት እገዛልሻለሁ።»

«ድመት እህሌን ጠብቃ ወተቴን ልትጨርስ! አልነሣም።»

«ሲሚንቶው ሊደርቅ ነው።»

«ይድረቃ።»

«በእባብ ምክንያት ልትጣዪኝ ነው?»

«አልተጣላሁህም። መርዙን ያኖርኸው መዘዙን ሳታውቅ ነው፤ ይቅር ብዬሃለሁ። ነገር ግን ስማኝ። አንተ አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ ስትኖር በዚህ ግቢ የምንተነፍስ እኔና እሱ ነበርን። በጦርነቱ ዓመት መንገድ ተዘግቶ ገበያው ሲጠፋ፣ ይህ መንደር የዘራው ከዚህ ጎተራ ወስዶ ነው። አንተ ትደውልልኝ ነበር፤ እግዜር ይስጥህ። ስልክ ግን አይጥ አይዝም።»

ታደለ ሊደርቅ የደረሰውን ሲሚንቶ በማንኪያው ያገላብጥ ጀመር። በዚህ መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከጎተራው ውስጥ ኩርትም ኩርትም የሚል ድምፅ ተሰማ። እናትና ልጅ ተያዩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጎተራ ያልተሰማ ድምፅ ነበር።

«ተነሺ፣» አለ ታደለ በመጨረሻ። «ቀዳዳውን አልደፍነውም።»

«ማል።»

«በአባቴ አጥንት።»

ተነሡ። ታደለ ተንበረከከና የላሉትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ለሰናቸው። ከቀዳዳዋ ሲደርስ ማንኪያውን አስቀምጦ የቀዳዳዋን አፍ ዙሪያ በጣቱ ያለሰልስ ጀመር።

«ደግሞ ምን ታደርጋለህ?» አሉ እናቱ።

«ሸካራ ከሆነ ሆዱን ይልጠዋል።»

«የማንን ሆድ?»

ታደለ ፊቱን ከድንጋዩ ቀና አላደረገም። ጣቱን ከቀዳዳዋ አፍ አንሥቶ ወደ ውስጥ ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ።

«እግዜር ይተካ፣ እማዬ።»

«አሜን፣» አሉ ወይዘሮ አልታየች፤ ነጠላቸውንም አጣፍተው፣ በጎተራው ላይ የተደገፈውን ሰፌድ አነሡ። «በል አሁን እጅህን ታጠብና ና። የይርገዱን ዘር አውጥተን እናበጥር። ተተኪው እስኪመጣ ድረስ ተረኞቹ እኛ ነን።»