ነውር መዝጋቢዋ ኢንሺራህ

ስለ ኢንሺራህ መናገር ያለበት ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ከሁሉም አብልጬ የበደልኳት እኔ ነኛ! ዘይንሁም እባላለሁ። ግብፅ፣ ኤል-ማሃላ ከተማ ውስጥ ፎጣና አንሶላ በሚያመርት ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት በሽመና ማሽን ላይ ሠርቻለሁ። እሷ ከማሽኔ አጠገብ ጨርቅ ታጥፍ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ነግላ የምትባል አንዲት ልጅ ያለቻት፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ሳቋ የማሽኑን ጩኸት አልፎ ይሰማ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ያኔ አሠራራችን ቀላል ነበር። ማግ የዘለለበት ጨርቅ ከወጣ ጥቅሉ ውስጥ እንሸሽገዋለን፤ "ግድ የለም፣ ይሸፈናል" እንባባላለን፣ አለቀ። አንድ ቀን ታዲያ የባሕር ማዶ ገዢዎች ሙሉ ጭነት መለሱብን። ወዲያው ዋጊህ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ከካይሮ መጣና "ከእንግዲህ የጥራት ሥርዓት አለ" ብሎ ቅጽ አደለን። ኢንሺራህን ደግሞ፣ ዓይኗም ጣቷም ስለማይስት፣ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ፈታሽ አድርጎ አስቀመጣት።

ቅጹ ላይ የማሽኑ ቁጥር አለ፣ የሠራተኛው ስም አለ፣ ከስሙ ጎን ደግሞ "ነውር" የሚል ዓምድ አለ። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው! በመጀመሪያው ቀን "ዘይንሁም አቡ ሰሪዕ፣ ነውር፦ ሁለት" ብላ ኢንሺራህ የሞላችው ቅጽ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

"ሁለቱንስ እኛም እናውቃቸዋለን፣ ሦስተኛውን ንገረን!" አለኝ ሀርቢ የሚባለው ቀልደኛችን።

ደሜ ፈላ። "ስማ ኢንጂነር፣ የወለደኝ አባቴ እንኳ ነውሬን ግድግዳ ላይ አልለጠፈም!"

"ኡስታ ዘይንሁም" አለኝ በባለሙያ ማዕረጌ ጠርቶ፣ "ነውሩ የጨርቁ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ለዒድ በግ ሲገዙ ነውር እንዳይኖርበት ይፈትሹ የለ?"

"በጉ ማንበብ አይችልማ! እኔ ግን እችላለሁ!"

እውነቱን ልናገር፤ እሷ ከጻፈች በኋላ ማሽኔ ተፈትሾ አንድ ያለቀ ጥርስ ተቀየረለት፣ እኔም ከማሽኑ ጋር ከመጨቃጨቅ አረፍኩ። አመሰገንኳት? ወይ ፍንክች! ለቁርስ ፉሏን ይዛ ወደ ገበታችን ስትመጣ "ተጠንቀቁ፣ አጎራረሳችሁንም ትጽፈዋለች" አልኩ። ሁሉም ተነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታን ብቻዋን ትበላ ጀመር። ሳቋ ጠፋ። ሰላምታዋን እንኳ በአገጫችን ነበር የምንመልሰው።

እንዲህ ሆነን ስምንት ወር ሄደ። በኋላ ነግላ ታጨች። ከሠርጉ በፊት እንግዲህ የፍራሽ ቀን አለ፤ ጥጥ ነዳፊው ደጋኑን ይዞ ይመጣል፣ የሙሽሪት ፍራሽ ይሞላል፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። አማቾችም መጥተው ያያሉ። አብሯት የሚሠራ ሰው ያልመጣላት እናት በዚያ ቀን አማቾቿ ፊት ታፍራለች። ኢንሺራህ በየገበታው እየዞረች "አርብ እንዳትቀሩብኝ" አለች። አንድም ሰው እሺ አላላትም።

ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሽምግልና ካሉት!

"ኡም ነግላ" አልኳት በልጇ ስም ጠርቼ፣ "ይህን ሳምንት ዓምዱን ባዶ ተዪውና ሁሉንም ሰብስቤ አመጣልሻለሁ።"

"አፈር ስሆን ዘይንሁም፣ እንዲህ አትበለኝ። ከናንተ ሌላ ማን አለኝ?"

"ለዚህ እኮ ነው የምልሽ!"

ረቡዕ ከኔ ማሽን አንድ ጥቅል ወጣ። ማጉ ሲዘል በዓይኔ በብረቱ አይቼ ዝም ብዬዋለሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። ጣቷ ቦታው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ጥቅሉን አሳለፈችው፤ ምንም አልጻፈችም።

አርብ ግልብጥ ብለን ሄድን። እልልታው ሰፈሩን አናወጠው። ሀርቢ ሳይቀር ጨፈረ። ኢንሺራህ ሻይ እየቀዳች፣ ካንዱ ወዳንዱ እየተሯሯጠች፣ የጥንት ሳቋን ሳቀች፤ እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስወጣ ግን በር ላይ ያዘችኝ።

"ጽፌው ቢሆን ኖሮ ትመጣ ነበር?"

"ምን አለፋሽ፣ ይኸው መጣሁ አይደል!"

"መልስልኝ እንጂ።"

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ "በቃ፣ ገባኝ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። የኔ ስም አለበት፤ ከኔ በላይ ግን በገዛ እጇ እንዲህ ጽፋለች፦ "ኢንሺራህ አብደልመውጁድ፣ ነውር፦ አንድ። ማለፍ የሌለበትን ጨርቅ እያወቅሁ አሳልፌያለሁ።" ሊላክ የተጫነው ጥቅል ከመኪና ወረደ። ኢንጂነሩ ይባስ ብሎ ሰበሰበንና "ጥራት ማለት ይህ ነው!" ብሎ አጨበጨበላት። ከሱ በቀር ያጨበጨበ የለም። "ቤቷ ጠርታ አብልታ በማግስቱ አዋረደችን" ተባለ።

ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ። "አብደሻል እንዴ? ሠርጉ እኮ የፊታችን ሐሙስ ነው!"

"አውቃለሁ" አለች፣ ጨርቁን መዳሰሷን ሳታቆም። "አርብ የመጣችሁት ለኔ አይደለም፣ ለባዶው ዓምድ ነው። ሐሙስ የሚመጣ ካለ ለኔ ብሎ ይምጣ።"

ሐሙስ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፤ ወላሂ ልሄድላት ነበር የወጣሁት! ሠርጉ የተደገሰበት የሰፈሯ መንገድ ጫፍ ላይ ስደርስ አየሁ። የአማቾቹ ወገን ጢም ብሏል። ለኛ ብላ በአንድ ወገን ያስደረደረቻቸው ወንበሮች ግን፣ አርባ ይሆናሉ፣ አንድ ሰው አልተቀመጠባቸውም። እሷ በአዲስ ቀሚስ አጠገባቸው ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች። አርባ ወንበር መሀል ብቻዬን ስቀመጥ ታየኝና ፈራሁ። ያየችኝ መሰለኝ፤ እጇን ከፍ አደረገች።

አጠገቤ ወዳለው ፀጉር ቤት ጥልቅ አልኩ።

"ትናንት አይደል እንዴ የተቆረጥከው?" አለኝ ባለቤቱ።

"ድገመው" አልኩት።