አደራ የምለው ሰው ፍለጋ ወደ ሻሸመኔ

አዳማ፣ ማለዳ

ወደ ሻሸመኔ የሄድኩት አንድ ልጄን ቤዛን ኮሌጅ ላደርሳት ነው። ወይም ይዣት ልመለስ፤ የትኛው እንደሆነ መናኸሪያ ደርሼም አላወቅሁትም ነበር። ባለቤቴ ጥሩነሽ በር ላይ ቁርጥ ያለ መመሪያ ሰጥታኛለች። ሻሸመኔ ዘመድ የለንም። ስለዚህ እዚያው የሚኖር፣ ልጅቷ ብትታመም የሚደርስላት አንድ ደህና ሰው ፈልጌ «አደራ» እንድል፤ ካጣሁ ግን ይዣት እንድመለስ። አዳማም ኮሌጅ ሞልቷል አለች። አብራን እንድትሄድ ብለምናት መኪና አይስማማኝም ብላ ቀረች።

ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርን። ረዳቱ የቤዛን ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና የበሶ ከረጢት ጣሪያ ላይ ሲጭን ለዕቃው ለብቻ አስከፈለኝ፤ ተጨቃጨቅኩ፣ አልሆነልኝም። ቤዛ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን ሰካች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ስፌቱ ነው። የዚያን ቀን ግን የተሳፋሪውን ሁሉ ፊት አንድ በአንድ ስመረምር ሰዉ ሌባ ሳልመስለው አልቀረሁም።

እስከ ባቱ

ሞጆ ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ አቆመን። አጠገቤ የነበረችው ሴት ጨዋታዋ ያማረ፣ ሳቋ የሚያሞቅ ነጋዴ ነበረች። ልቤ ወደዳት። ሻሸመኔ ትኖር እንደሆነ ስጠይቃት ቲማቲም ልትጭን መቂ እንደምትወርድ ነገረችኝ፤ እንዳለችውም ወረደች። በእሷ ቦታ አንድ ጸጉሩን ያበጠረ ጎልማሳ ተቀመጠ። ይህኛው ሻሸመኔ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሰላምታውም ትሁት ነው። ብቻ ለሴት ልጅ አደራ የሚባል ፊት አላገኘሁበትም። ሰው እንዳጣሁ ሳስብ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አስደነገጠኝ። ልጄ የለፋችበት ነገር እንዲበላሽ የሚመኝ አባት ሆኛለሁ ማለት ነው።

ባቱ ላይ ለምሳ ወረድን። የአሳ ጥብስ አዘዝን፤ ከአዳማው ዋጋው ያንሳል፣ አሳውም ከሐይቁ የወጣው ዛሬ መሆኑ ያስታውቃል። ቤዛ አስተናጋጁን በኦሮምኛ እያሳቀች የራሷንም የኔንም በላች። እኔ ዙሪያውን የተቀመጡትን የት ትኖራላችሁ እያልኩ እጠይቃለሁ።

«አባዬ፣ ሰዉን ሁሉ የት ትኖራለህ እያልክ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

ለጨዋታ ነው አልኳት።

ከባቱ ወዲያ መንገዱ በግራሩ መሃል ይሄዳል። ዳር ላይ የተደረደሩ የከሰል ጆንያዎች፣ አስፋልቱን ይዘው ንቅንቅ የማይሉ አህዮች፣ በግራ በኩል ራቅ ብሎ ብልጭ የሚል የላንጋኖ ውሃ። አርሲ ነገሌ ስንቃረብ አየሩ ቀዘቀዘ። ቤዛ ኢርፎኑን አውጥታ መንገዱን ታይ ጀመር።

ሻሸመኔ

ከመናኸሪያ እስከ ግቢው በባጃጅ ሄድን። በሩ ላይ ወላጅና ዕቃ ተደባልቋል። በዚያ ግርግር መሃል ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ አንድ አባት ቀጥ ብለው ቆመዋል። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይላቸዋል። የሀገሩ ሽማግሌ እኚህ ናቸው አልኩ። ፊታቸው ደግሞ ምንም የሚወጣለት አልነበረም። ቀረብ ብዬ እጅ ነሳሁና ከአዳማ መምጣቴን፣ ያለችኝ አንዲት ልጅ መሆኗን፣ እዚህ ዘመድ እንደሌለኝ ዘርዝሬ እንደ ልጃቸው እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙኝ፤ ከዚያ ሳቁ።

«እኔ እኮ የሁሩታ ሰው ነኝ። እርስዎን የከተማው ሰው መስለውኝ ልጄን አደራ ልልዎት ቃል እያዘጋጀሁ ነበር።»

ኦቦ ገመዳ ይባላሉ፤ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። በአሰላ በኩል ያመጧት ልጃቸው ጫልቱ ሳፋ ታቅፋ ከኋላቸው ተደብቃለች። እኔ አሁን ምን ይደረጋል ስል እሳቸው ወደ ቤዛ ዞረው እጇን ያዙ።

«አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ። ጫልቱ ከቤት ወጥታ አታውቅም። አደራ፣ ልጄ።»

እንኳን ሰው የራሷን ቁልፍ የምትጥለው ልጄ «እሺ፣ አባባ» አለች። አነጋገሯ የትልቅ ሰው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚገባው ተማሪ ብቻ ነው ሲባል ቤዛ እጅጌዬን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ። ዓይኗ ሞልቷል።

«አባዬ፣ ልመለስ?»

መንገዱን ሙሉ የጠበቅሁት ይህንን ነው። አደራ የምለው ሰው አጥቻለሁ፤ ጥሩነሽም ካጣህ ይዘሃት ና ብላለች፤ ልጅቷም ይኸው ጠየቀች። አፌን የከፈትኩት ነይ እንሂድ ልላት ነበር።

«አደራ ተቀብለሽ የት ትሄጃለሽ?» አልኳት።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ቤዛም አላወቀችም መሰለኝ። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ ሄደችና የጫልቱን ሻንጣ በአንድ በኩል ያዘች። ወደ ውስጥ ሲገቡ ዞራ ታየኛለች ብዬ ቆምኩ፤ እሷ ግን ራሷ የማታውቀውን ግቢ በእጇ እየጠቆመች ጫልቱን ትመራታለች።

መልስ

ኦቦ ገመዳ በመጡበት መንገድ ተመለሱ፤ እኔም በመጣሁበት። ነገሌን ሳናልፍ ሾፌሩን አውርደኝ ልለው ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ። ገበሬው ላይ ተናደድኩ፤ ራሴ ላይም ተናደድኩ። ለልጄ ጠባቂ ስፈልግ እኔ ከአዳማ ሻሸመኔ ስባዝን፣ እሳቸው አንድ ጊዜ አይተው ጠባቂ አደረጓት። አሥራ ስምንት ዓመት ያሳደግኋት እኔ ያንን እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ካለ ይኸው ነው፤ ደስ የሚል ትምህርት መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጀንበር ስትጠልቅ ቤት ደረስኩ። ጥሩነሽ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ከኋላዬ ነው።

«ለማን አደራ ሰጠሃት?»

ለማንም አልኳትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ልመለስ አላለችህም?»

«አለች። እምቢ አልኳት።»

ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ብሄድ ኖሮ ይዣት እመጣ ነበር፤ ለዚህ ነው የቀረሁት» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁለታችንም አለቀስን፤ ማን ማንን እንደሚያባብል ግራ እንደገባን መሸ።