ሐርላ የምትደበቀው ቆርቆሮ

የሰውዬው ጣቶች ትንሽ የቆርቆሮ ጣሳ በፕላስተር እየጠቀለሉ ነበር፤ ዝናብ እንዳታስገባ ጠርዟን ደጋግሞ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ሽርጡ በደንብ ተተኩሷል፤ የሸሚዙ ቁልፎች ግን ተዛንፈዋል። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አብረን ሚኒባስ ስንጠብቅ፣ ፈራ ተባ እያልኩ «ምንድነው ወንድሜ?» አልኩት።

«ጨዋታ ነው እናቴ። ዕቃ ደብቀን ቦታውን ለሌሎች ተጫዋቾች በስልክ እንናገራለን። ያገኘው ሰው ውስጡ ያለውን ወስዶ የራሱን ያስቀምጣል። ድሬ ላይ ልጄ ሲሃም ናት የጀመረችው፤ አሁን ተጫዋቹ በዝቷል። ይቺን ከከተማ ወጣ ብሎ ሐርላ መንደር ልትደብቅ አዘጋጅታ ሳለ ሞተችብኝ። ጓደኞቿ አንተ ደብቅልን አሉኝ።»

«ውስጧ ምን አለ?»

«የእጇ አምባር» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።

የሐርላው ሚኒባስ መጣ። ሾፌሩ «አቦ ጋሼ፣ ዛሬም ሊቀሩ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ሰውዬው ቆርቆሮዋን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «ሌላ ሰው ጫን» አለው።