የአክስቴ ሟቾች

በአክስቴ አፍ እኔም አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። እናቴ ደግሞ በጤናዋ ቤቷ ቁጭ ብላ ሁለቴ ተቀብራለች።

አክስቴ የዱር ዕፅዋት ዘር ለቃሚ ናት። የድንጋይ ካባ ራቁቱን ያስቀረውን ኮረብታ መልሶ የሚያለብሰው አንድ የአካባቢው ሳር ነው፤ እሱም ማረሻና ከብት ካልደረሰበት ከአሮጌው መቃብር ቦታ በቀር የትም አልቀረም። በሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ ደግሞ ሐዘንተኛ ያልሆነ ሰው አያስገቡም። ስለዚህ አክስቴ በየዓመቱ፣ ዘሩ በሚደርስበት ሳምንት፣ አንድ ዘመድ ትገድላለች።

ዘንድሮ በአጥሩ ቀዳዳ እጇን አሾልካ ፍሬውን በጥፍሯ ብትጫነው ወተት አልወጣውም፤ ደርሷል። የመቃብሩን ቦታ ሳር የሚያጭዱት ሰዎች ደግሞ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። ዛሬ ካልገባች የዓመቱ ዘር አለቀለት። የወረቀት ከረጢቶቿን ለባሏ አሸክማ በሩ ላይ ደረሰች።

«ደግሞ ማን ሞተብዎ፣ እትዬ?» አሉ ዘበኛው።

«አጎቴ።»

«አጎትዎን አምና አልቅሰንላቸዋል።»

«የእህቴ ልጅ።»

«እሱማ ካቻምና ነው። ትናንት መንገድ ላይ ሰላም ብሎኛል፤ ደህና ነው።»

«እንግዲያው እህቴ።»

«እህትዎን ሁለቴ ቀብረናል። አሁንስ ይተዉአት።»

አክስቴ ዘመድ አለቀባት። ዞር ብትል ባሏ ከረጢቶቹን ታቅፎ ቆሟል።

«ባሌ» አለች።

ባሏ ባርኔጣውን አወለቀ። «ደህና ሰው ነበር» አለ።

ዘበኛው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሟቹ ሥራቸው ምን ነበር?»

«አናጢ» አለች አክስቴ።

«ጎበዝ አናጢ?»

«እሱን እንኳ አልመሰክርም። የጓዳችን በር እንደተንጋደደ ሦስት ዓመቱ።»

ዘበኛው አጥሩ ሥር ወዳለችው የጥበቃ ጎጆ ጠቆሙ። የጎጆዋ በር በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል።

«እንግዲህ ሐዘንተኛዋ ይግቡ። ሟቹ እዚሁ ይቆዩ።»

አክስቴ በመቃብሮቹ መካከል እየተንበረከከች፣ ከአምስት ዛላ አንዱን ብቻ እየቆረጠች ሁለት ከረጢት ሞላች። የቀረው ለመሬቱ ነው። ነገ አጫጅ እንደሚመጣ እያወቀች እንኳ እጇ ከዚያ በላይ አልታዘዛትም።

ስትወጣ ሟቹ በዘበኛው ካቻቢቴ የመጨረሻውን ብሎን እያጠበቀ ነበር። ዘበኛው የጎጆአቸውን በር ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት። ሲጥ አይልም።

«ነፍስ ይማር» አሉት ባሏን። «ለከርሞ ሲሞቱ መስኮቱን ያዩልኛል።»