ወራጅ የሌለበት ሊግ

የሲያትል ቡድን ገና ትልቁ ሊግ ሳይገባ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ኳስ ለማየት የሚመጣው ወይ የተጫዋች ዘመድ ነበር ወይ ሥራ የፈታ። እኔና ጋሼ የምላቸው ያገሬ ሰው ሽማግሌ ከሁለቱም አልነበርንም። እኔ ሕዝብ የሚወደውን መውደድ ስለማይሆንልኝ፣ እሳቸው ደግሞ ኳስ ስለሚያውቁ እንሄድ ነበር።

ጋሼ በወጣትነታቸው አገር ቤት ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ተከላካይ ነበሩ፤ እሱም ሁለተኛ ዲቪዚዮን። በመጨረሻው ጨዋታ በረኛው «ልቀቀው!» እያለ በግንባራቸው ገጭተው በራሳቸው ግብ ላይ አስቆጠሩ። ቡድኑ ወረደ፤ በዓመቱም ፈረሰ። በረኛውን ከዚያ ወዲያ አላዩትም። ሌላውን ታሪካቸውን እየሳቁ ነበር የሚያወሩት፤ ይህን ግን ከሚኖሩበት ከቡሪየን ሰፈር ወደ ሜዳው በመኪና ስንሄድ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነገሩኝ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለ ቡድን ከመጣ፣ የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ ወደ አጥሩ ይወርዳሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለሚያልፈው ተጫዋች ሁሉ በአማርኛ «አይዞህ፣ ትመለሳላችሁ» ይሉታል። ልጆቹ ግራ እየገባቸው ያመሰግኗቸዋል። አራት ዓመት ይህን አየሁ። እውነቱን ለመናገር ያስቀኝ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ምላሴን መያዝ አቃተኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እኮ የሚወርድ የለም። መጨረሻ የወጣውም ለከርሞ እዚሁ ነው።»

«ማን አለ?»

«ሕጉ ነዋ።»

ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። «አንተ ይህን መቼ አወቅህ?»

«ከመጀመሪያውም...»

«ከመጀመሪያውም! እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ላልሞተ ሰው ሳለቅስ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ፈንዲሻህን ትቅማለህ!»

ቤታቸው ስንደርስ የመኪናውን በር ጓ አድርገው ዘግተው ገቡ። በዓመቱ ጨዋታ እንሂድ ብዬ ስደውል ጉልበቴን ያመኛል አሉኝ።

የከተማችን ቡድን ትልቁ ሊግ ሲገባ ሰበብ አገኘሁና ደወልኩ። «ጋሼ፣ ወደ ላይ ወጣን!»

«ማንን አሸንፈን?»

የወጣነው በኳስ ሳይሆን ባለሀብቶች ገንዘብ ከፍለው በፈረሙት ፊርማ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ለቅሷቸው ላይ እዚሁ አሜሪካ ያደገችው ልጃቸው ወደ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አባባ ሆስፒታል ሆኖ በረኛውን ጥሩልኝ ይል ነበር። ሶ፣ ማነው እሱ?»

«አብሯቸው የተጫወተ ሰው ነው» አልኳት። ያን ሰው ማግኘት ስላልቻሉ ይቅርታውን አጥር ላይ ቆመው ከማያውቋቸው ተሸናፊዎች ይለምኑ እንደነበር የገባኝ እዚያ ነው። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ይህን ለመረዳት ግን ለቅሶ ቤት መቀመጥ ነበረብኝ።

በዚያው ዓመት ውድድሩ ሊያልቅ ሲል፣ የመጨረሻውን ደረጃ የያዘው ቡድን እንግዳ በሆነበት ቀን ትልቁ ስታዲየም ብቻዬን ሄድኩ። ወንበሬ ላይኛው ፎቅ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ከዚያ የአውራ ጣት ያህል ነው የሚታዩት። ፊሽካው ሲነፋ ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው የቡድናችንን ጭፈራ እንዳልጋርድበት እንድቀመጥ ጠየቀኝ።

ተቀመጥኩ።