የማጅራት ዘበኛ

በአምቦ ቀይ እስክሪብቶ የሚፈራ ሁሉ ቲቸር ሸዋገነትን ያውቃታል። ከጊንጪ ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበረች። ስህተት አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ የእኛን ደብተር አርማ ስትጨርስ የቀበሌውን ማስታወቂያ ቆማ ታርማለች። አንዴ የስብሰባ ጥሪ ላይ ሰባት ስህተት አግኝታ ከሥሩ «ተሻሽሎ ይቅረብ» ብላ ጽፋበታለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ኦቦ ተሬፋ ያንን ቀን አልረሱትም።

በ1979 ዓ.ም. አንድ የውጭ መጽሔት እጇ ገባ። ተኝተን እንኳ የማናቋርጠው መተንፈስ ከማጅራታችን በላይ፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ ባሉ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚታዘዝ ይናገራል። ሕዋሳቱ ተቀባይ የሚባሉ በሮች አሏቸው፤ በሮቹ የሚከፈቱት ግሉታሜት የተባለ መልእክተኛ ሲመጣ ነው፤ ያኔ ከውጭ ያለው ጨው ይገባና ሕዋሱ ይነቃል። ይህን አንብባ ዝም ማለት አላስቻላትም፤ መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የሌለውን ልታስተምረን ተነሳች።

አልገባንም። እውነቱን ለመናገር፣ የክፍላችን ልጅ ሙለታ ግሉታሜት የጣሊያን መኮንን መስሎት ነበር። ስለዚህ ነገሩን ድራማ አደረገችው። ሙለታ ተቀባይ ሆኖ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ግሉታሜት ሆንኩ፤ የይለፍ ወረቀት ይዤ ስመጣ ሙለታ አይቶ በሩን ይከፍታል፣ ውጭ የተሰለፉት ጨው የሆኑ ልጆች ግር ብለው ይገባሉ፣ ሕዋሱም ነቅቶ «ተንፍሱ» ይላል። የቀረው ተማሪ እስከዚያ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ወረቀት ከሌለ በሩ አይከፈትም።

ጥፋቱ የሙለታ ነው። በር ጠባቂ ሁን ሲባል የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቀበሌውን ዘበኛ ኦቦ ፉፋን። ጉሮሮ አጠራረጋቸውን፣ ወረቀት ገልብጠው አያያዛቸውን ሳይቀር አመጣው። ኦቦ ፉፋ ያለ ይለፍ ወረቀት ሰው አያስገቡም፤ ከጉደር ልትጠይቃቸው የመጣችውን የገዛ እኅታቸውን እንኳ በመጣችበት መኪና መልሰዋታል። የክፍላችን ሳቅ በሦስተኛው ቀን ጆሯቸው ደረሰ።

ክስ አቀረቡ፤ የአብዮት ጠባቂን መሳለቂያ ማድረግ የሚል። በዚያን ዘመን ይህ የቀልድ ነገር አልነበረም። ኦቦ ተሬፋ ክሱ እውነት ከሆነ ሸዋገነት ዳግመኛ ጠመኔ እንደማትይዝ በስብሰባ ላይ ተናገሩ። የታመመች እናቷን የምታኖረው በዚያ ጠመኔ ነበር። እሷ ግን አመሏ አልለቃት ብሎ፣ የክሱን ወረቀት አርማ መለሰችላቸው። እኛ አለቀስን።

አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ኦቦ ፉፋ ራሳቸው ክፍል መጥተው በሩን ይጠብቁ፤ ተሹፎባቸው እንደሆነ አይተው ይፍረዱ። ኦቦ ፉፋ ቅር እያላቸው እሺ አሉ።

ሰኞ ዕለት ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መጡ። ቲቸር ወደ ማጅራታቸው እያመለከተች፣ «እዚህ ውስጥ ያለው ዘበኛ ከተወለዱ ጀምሮ ከበሩ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከተማው ውስጥ እሱን የሚመስል ሰው ብፈልግ እርስዎን አገኘሁ» አለቻቸው።

ኦቦ ፉፋ ማጅራታቸውን ዳበስ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። ክፍሉ ትንፋሹን ያዘ።

እኔ ከውጭ መጥቼ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱ የለም። ቤት ረስቼዋለሁ።

«ወረቀት» አሉ ኦቦ ፉፋ።

ገርበብ ባለው በር፣ በትከሻቸው በኩል ልጆቹ ይታዩኛል። የሙለታ ፊት ቀይ ሥር መስሏል፤ ደብሪቱ ዴስኳን ጨብጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ማንም አይተነፍስም፤ ለቲቸር ሲሉ ለመሞት የቆረጡ ይመስላሉ። ኦቦ ፉፋ ዞረው አዩአቸው፤ ከዚያ እኔን አዩ። እጃቸው እንደገና ወደ ማጅራታቸው ሄደ።

«ሴኒ» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። «ግቢ ልጄ። እነዚህ ልጆች ሊያልቁ ነው።»

በሩ ተከፈተ፤ ጨዎቹ ገቡ፤ አርባ ስምንት ልጅ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ኦቦ ፉፋም አብረው ተነፈሱ፤ ለካ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይዘው ኖሯል። ክሱን በማግስቱ አነሱት።

ያለ ወረቀት የተከፈተ በር፣ በሳይንሱ ከሄድን፣ ከባድ ስህተት ነው። ቲቸር ሸዋገነትን ቀና ብዬ አየኋት። ቀዩ እስክሪብቶ እጇ ላይ ነበር፤ አላረመችም።