ባና የለበሰው ኮምፒውተር

አቶ ፈንታ በመንዝ የጓሳን ሣር ሲጠብቁ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ማን ያለ ፈቃድ እንዳጨደ፣ የማን በግ ከተከለከለው እንደገባ ከሩቅ ያውቃሉ። ቢቆጡም ቶሎ ይበርዳሉ፤ ደግነታቸው ግን አንዳንዴ ልክ የለውም። እንዲያውም ጉዳቸውን ያፈላው ይኸው ደግነታቸው ነው።

ወሰንየለሽ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሣሩን ለማጥናት ስትመጣ ያረፈችው እሳቸው ቤት ነው። ሦስት ዓመት እየተመላለሰች፣ በገመድ አራት ማዕዘን እያጠረች፣ ሣሩን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። መጀመሪያ ላይ አቶ ፈንታ በሆዳቸው ስቀውባታል። ሣር ከተቆጠረማ የራሳችንስ ጠጉር ምን በወጣው ይቀራል ብለው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጌታነሽ አሾፉ። እያደር ግን ገመዱን የሚይዙላት እሳቸው ሆኑ። ልጅቷ ሥራ ወዳድ ናት፤ ውርጩ ጣቷን እያደነዘዘው እንኳ አታቋርጥም። እንደ ልጃቸው ወደዷት።

የቆጠረችውን የምታስገባው በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። የገዛችው ራሷ ናት። መሥሪያ ቤቷ ለተመራማሪዎቹ ኮምፒውተር አይሰጥም፤ ሁሉም እንደምንም ብሎ የራሱን ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ላፕቶፗ አልነሣም አለች። ወሰንየለሽ በርዷት ነው፣ ስትሞቅ ትነሣለች ብላ ደብተሯን ይዛ ወጣች። አቶ ፈንታ ወገባቸውን አሟቸው ቤት ውለው ነበርና በርዷታል የተባለችውን ዕቃ ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም። በውርጭ የደነዘዘ ግልገል ምን እንደሚደረግ መንዜ ሁሉ ያውቃል፤ በባና ተጠቅልሎ ምድጃ ዳር ይተኛል። እሳቸውም ያን ወፍራም የሱፍ ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ላፕቶፗን ሁለት ዙር ጠቀለሉና ከፍሙ አጠገብ አስተኟት። ይባስ ብለው ኩበት ጨመሩ። ምነው እጃቸውን በቆረጠው! ከሰዓት በኋላ ባናው ሲፈታ ክዳኗ ተጣሞ፣ የፊደል መምቻዎቿ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

ወሰንየለሽ አልተቆጣችም። ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቁጥሩ በደብተር አለ፤ ነገር ግን ሁሉንም እንደገና አስገብታ ጥናቱን ከፋሲካ በፊት ካላቀረበች የሦስት ዓመት ልፋቷ ይሰረዛል። ሌላ ኮምፒውተር የመግዛት አቅም የላትም። አቶ ፈንታ ሁለት ሙክት ሸጬ እተካልሻለሁ ብለው ማሉ፣ ተገዘቱ። እሷ ደግሞ ሙክቶቹ ከተሸጡ እዚህ ቤት አልመለስም አለች።

ሁለት ቀን በአቶ ፈንታ አፍ እህል አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በእነሱ ቀበሌ ሕዝቡ አንድን ሰው ጓሳ ጠብቅ ብሎ ሲልክ፣ ባናውንም ዱላውንም የሚሰጠው ሕዝቡ ነው። ለጋራ ሥራ የራስህን ልበስ የተባለ ጠባቂ የለም። ታዲያ ይቺን ልጅ የላካት ማን ነው? ጋቢያቸውን አጣፉና፣ ተነሺ ላኪሽን እናናግረው አሏት። ይተዉ ጋሼ፣ አይሆንም ብትል ማን ሰምቷት! ከመሐል ሜዳ ተሳፍረው በሞላሌ በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲው ወረዱ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አፈወርቅ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ብድግ ብለው ወንበር ሰጡ። ካዳመጡ በኋላ ግን መመሪያው እንደማይፈቅድ፣ ሁሉም በራሱ ኮምፒውተር እንደሚሠራ አስረዱ። አቶ ፈንታ እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉ። "ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ግን ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ ጓሳ የወጣችው የማንን ሥራ ልትሠራ ነው? እኛ ጠባቂ ስንልክ አልብሰን ነው። እናንተ ባዶ እጇን ሰደዳችኋት።"

ዶክተር አፈወርቅ አንገታቸውን ደፉ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውም ኮምፒውተር ከልጆቻቸው የተዋሱት መሆኑን ቀስ ብለው ተናገሩ። ከዚያ ተነሡና ሁለቱን አስከትለው ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። መጀመሪያ እሳቸው ያስረዳሉ፤ ካልሆነ አቶ ፈንታ ይጨምሩበታል። ሰው ለሰው ብሎ እንዲህ ሲንከራተት ማየት ደስ ይላል፤ አቶ ፈንታም በየደረጃው እግዜር ይስጥልኝ ማለታቸውን አልተዉም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካርቶኑ ያልተከፈተ ኮምፒውተር በውሰት እንዲሰጣት ተፈቀደ።

የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ አማከለች ቅጹን ሞልተው ሲያበቁ ዋስ ያስፈልጋል አሉ። ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ አብሮ የሚጠየቅ ሰው መፈረም አለበት። ዶክተር አፈወርቅ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

"ይቅርታ ዶክተር" አለች ወሰንየለሽ። "የእኔ ዋስ ጋሼ ፈንታ ናቸው።"

አቶ ፈንታ ሌላ ፈንታ ያለ ይመስል ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ።

"እኔ? ያችን ያቃጠልኩት?"

"ከትከሻዎ ባና አውርደው ያለበሷትም እርስዎ ነዎት" አለች። "ለኔ ዕቃ እንደርስዎ የሳሳለት ማን አለ?"

እስክሪብቶውን ተቀበሉ። እንባው ወረቀቱን አላሳይ ስላላቸው ፊርማው ከመስመሩ ወጣ። ወይዘሮ አማከለችም እንደገና ይፈርሙ ሳይሉ ማኅተማቸውን መቱበት።